«ስንታየሁ» የወንድ ነው ወይስ የሴት?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ቂርያት መናሔም ባለው ቤታችን ባለቤቴ የሰንበቱን ዳቦ ከምድጃ ታወጣለች፤ እኔ ጠረጴዛው ዳር ሆኜ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። ልጄ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ ገባችና ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ አንዲት ወረቀት ከፈተናዎቹ ላይ አስቀመጠችልኝ። በዕብራይስጥ የተጻፉ ስሞች ናቸው፦ ታል፣ ኖዓም፣ ዩቫል፣ ሻሐር፣ አሪኤል፣ ጋል፣ ኦር።

«የወንዱ የቱ ነው? የሴቷስ?» አልኳት።

«ሁሉም ለሁለቱም ይሆናል፣ አባዬ። ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቅንም፤ ሲወለድ ይታወቃል። ስሙ ግን ከወዲሁ ይዘጋጅ ብለን ነው።»

ባለቤቴ ከምድጃው ዞር ብላ «ሰው ሳይወለድ ስም ይወጣለታል እንዴ?» አለች። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ልጄ በስሞቹ የሳቅሁ መስሏት ቅር አላት። «በራሴ ነው የምስቀው» አልኳት። ለወንድም ለሴትም በሚሆን ስም ምክንያት፣ በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ከልጃገረዶች መኝታ የተመደብኩ ሰው ነኝ። ልጄ ይህን አታውቅም ነበር። እሷ የምታውቀው አባቷ ሺሞን መባሉን ብቻ ነው።

ዳቦው እስኪበርድ ታሪኩን ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

እናቴ ያወጣችልኝ ስም ስንታየሁ ነው። የተወለድኩት ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ ሲሆን አባቴ ቄስ ነበሩ። ፊደል የቆጠርኩት፣ ኦሪቱንና ዳዊቱን በግዕዝ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ከእኔ በፊት እናቴ ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። እኔን ስትወልድ፣ ከአራስ ጎጆዋ ውጭ የቆሙት ሴቶች «ማን እንበለው?» ቢሏት «ስንታየሁ በሉት» አለች። በቃ። ማብራሪያ አልጨመረችም፤ አላስፈለገምም። መንደሩ በሙሉ ገብቶታል።

በአገራችን ስም መጥሪያ ብቻ አይደለም። ወላጅ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለፈጣሪውም የሚናገረው ቃል ነው። በሞተ ልጅ ቦታ የመጣው ምትኩ ወይም ካሳ ይባላል፤ ብዙ አስጠብቆ የመጣው ዘገየ ይባላል። ስንታየሁ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ያዘነች እናት ስትለው «ስንቱን መከራ አየሁ» ማለት ነው፤ የተደሰተች ስትለው «ይኼንንም ለማየት በቃሁ፣ ስንቱን አየሁ» ማለት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው ስሙን ያወጣችው ናት። እናቴ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያለች ይመስለኛል።

ከእኔ በዓመቱ አክስቴ ባሏ ሞቶባት በእርግዝናዋ ቀረች። ሴት ልጅ ተወለደች። እሷም ስንታየሁ ተባለች። ስለዚህ በአንድ ግቢ ሁለት ስንታየሁ ሆንን፦ ወንዱ ስንታየሁ እና ሴቷ ስንታየሁ። አንድ ሰው ከወንዝ ማዶ ሲጣራ ሁለታችንም «አቤት!» እንል ነበር።

እንግዲህ ይህ ስም ለወንድም ለሴትም የሆነው ለምንድን ነው? ሥራዬ ማስተማር ስለሆነ ትንሽ ሰዋስው ታገሡኝ። አብዛኛው የአማርኛ ስም ግስ ያለበት ነው፤ ግሱም ጾታውን ይናገራል። ታደለ ወንድ ነው፣ ታደለች ሴት። አበበ ወንድ፣ አበበች ሴት። ወርቅነህ ወንድ፣ ወርቅነሽ ሴት። እዚህ አገር በ1996 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከማኅበረሰባችን የመጀመሪያው የክኔሴት አባል የሆኑት አዲሱ መሰለ ናቸው፤ በ2012 ደግሞ በላይነሽ ዘቫድያ በኢትዮጵያ የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። ሁለቱንም አይተን ባናውቅ እንኳ ከስማቸው ብቻ ወንዱን ከሴቷ እንለያለን።

«አየሁ» ግን እንዲህ አይደለም። «አየ» እና «አየች» ይለያያሉ፤ «አየህ» እና «አየሽ» ይለያያሉ፤ «አየሁ» ሲል ግን ተናጋሪው ወንድም ይሁን ሴት ቃሉ አንድ ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር አማርኛ ጾታ አይጠይቀውም። ከዚህም ሌላ፣ በስሙ ውስጥ «አየሁ» የሚለው ሕፃኑ አይደለም፤ ስም አውጪው ነው። እናት ስንቱን ማየቷን ለመናገር የወለደችው ወንድ ሆነ ሴት ምን ለውጥ ያመጣል? በእኛ ሥርዓት አራስ ለወንድ 40 ቀን፣ ለሴት 80 ቀን ትቆጥር ነበር። ቀኑ ይለያያል፤ ስንታየሁ ግን አይለያይም።

ስሙ የቤተ እስራኤል ብቻም አይደለም። በመላ ኢትዮጵያ፣ በየሃይማኖቱ ይገኛል። በ2010 በዶሃ በተደረገው የቤት ውስጥ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘችው ኢትዮጵያዊት ሯጭ ስንታየሁ እጅጉ ናት። ያንን ሩጫ በቴሌቪዥን ሳይ የእኔን ስም ሲጠሩ ከወንበሬ ተነሣሁ። ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ለምን እንደተነሣሁ አልገባውም።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። በ1984 ቤተሰባችን በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። በስደተኞች ጣቢያ ወራት ቆየን፤ ትንሹ ወንድሜ እዚያው ቀረ። ከዚያ በዘመቻ ሙሴ፣ በዓመቱ መጨረሻ ላይ፣ እዚህ ደረስን። በመርካዝ ክሊታ ለምዝገባ ተሰለፍን። ጸሐፊዋ ዕብራይስጥ፣ እኛ አማርኛ፤ አስተርጓሚው አንድ፣ ሰልፉ ረጅም። ከፊቴ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ናት። ስም? ስንታየሁ። ጾታ? ሴት። ቀጥሎ እኔ። ስም? ስንታየሁ። ጸሐፊዋ ቀና አላለችም፤ ከላይ የጻፈችውን ከታች ደገመችው። የአያታችን ስም የቤተሰብ ስማችን ሆነ፤ እኔም ሴት ሆንኩ።

ይህ የታወቀው ፕኒምያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ ስገባ ነው። ዝርዝር ይነበባል፤ የወንዶቹ አለቀ፤ ስሜ አልተጠራም። ኋላ ከሴቶቹ መካከል ተጠራሁ። ልጆቹ እስኪበቃቸው ሳቁ። ሳምንት ሙሉ በሴት አንቀጽ ጠሩኝ። የሚያስተባብረን ሰውዬ ሊገላግለኝ አስቦ ነው መሰለኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሺሞን ነህ፤ ድምፁ ይቀራረባል» አለኝ። ወረቀቱም ታረመ፤ ጾታዬ ተመለሰ፣ ስሜ ግን ሄደ። እኔም አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከመሳቂያነት የሚያወጣ ስም ሁሉ መልካም ስም ነው። የአክስቴ ልጅም በሌላ ትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጣት። ሁለት ስንታየሁ ከሱዳን ወጥተን፣ በስድስት ወር ውስጥ አንድም ስንታየሁ አልቀረም።

ለአባቴ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለው «ስምዖን መልካም ስም ነው፤ የልያ ልጅ ነው» አሉ። ከዚያ ኦሪት ዘፍጥረትን ያስታውሱኝ ጀመር። ልያ የመጀመሪያ ልጇን ሮቤል ያለችው እግዚአብሔር መከራዬን አየ ብላ ነው፤ ሁለተኛውን ስምዖን ያለችው እግዚአብሔር ሰማ ብላ ነው። «ሰውዬው ጠይቆህ ቢሆን ኖሮ» አሉ አባቴ፣ «ሮቤል ይልህ ነበር። ያንተ ስም የማየት ነው፤ የሰጡህ የመስማት ነው። ሰማ ብለው ሰየሙህ፣ እነሱ ግን አልሰሙህም።» ይህን ሲናገሩ አልተቆጡም። እስኪሞቱ ድረስ ግን አንድ ቀን እንኳ ሺሞን ብለው አልጠሩኝም።

ይህን ሁሉ ስጨርስ ልጄ ዳቦዋን ሳትነካ ተቀምጣ ነበር። ልቤ ሞቅ ብሎት ስለነበር ቸኮልኩ። «እንግዲህ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። ስንታየሁ በሉት» አልኳት።

ወዲያው አልመለሰችልኝም። ኋላ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ይኼ ሕፃን ገና ምን አየ?» አለች።

«የሚናገረው ሕፃኑ አይደለም፤ እናቱ ናት አልኩሽ እኮ።»

«እሱን ነው የምልህ። እናቱ እኔ ነኝ። አያቴ ያየችውን እኔ አላየሁም። ሁለት ልጅ አልቀበርኩም፤ በረሃ አላቋረጥኩም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ በልጄ ላይ ልጻፍ?»

ሌላም ጨመረች። የእኛ ልጆች ሥራ ሲፈልጉ፣ ስማቸው ገና ወረቀት ላይ ሲታይ በር እንዳይዘጋባቸው እንደሚሰጉ ነገረችኝ። አጭር የዕብራይስጥ ስም ከየት እንደመጣህ አስቀድሞ አይናገርም። ይኼኛው ምክንያት አናደደኝ። የመጀመሪያው ግን አልለቅ አለኝ። ሁለት ሳምንት ስለ ስም ሳንነጋገር አለፈ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ወደ ሄርጽል ተራራ ጎራ አልኩ፤ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጡ በሱዳን መንገድ ለቀሩት ወገኖቻችን የቆመው መታሰቢያ እዚያ ነው። የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ወንድሜ ከእነሱ አንዱ ነው። እዚያ ቆሜ የልጄን ቃል ሳስበው እውነት ያላት መሰለኝ። ስንታየሁ ምስክርነት ነው። ምስክርነት ደግሞ አይወረስም፤ ያየ ሰው ነው የሚመሰክረው። እኔ ያየሁትን እኔው ራሴ አርባ ዓመት ሙሉ ደብቄ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ እንዲናገርልኝ ፈለግሁ። ልጄ ስሙን የማታውቀው እኔ ስላልነገርኳት ነው። በዚህ ማንን ልከስ?

ከዚያ በኋላ ወረቀቷን እንደገና ጠየቅኋትና እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ተማሪ አነበብኩት። ዱሮ የአይሁድ ስም በአብዛኛው የአባቶችና የእናቶች ስም ነበር፤ አብርሃም ወንድ ነው፣ ሣራ ሴት ናት። አገር ከቆመ በኋላ ወጣቶች ከምድርና ከሰማይ ስም መውሰድ ወደዱ። ጋል ማዕበል ነው፤ ሻሐር ንጋት ነው፤ ኦር ብርሃን ነው። ማዕበልና ንጋት ጾታ ስለሌላቸው ለሁለቱም ይሰጣሉ። ኖዓም ደስ መሰኘት ነው፤ የስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ በሚያወጣው ዝርዝር በወንዶች ዘንድ ለዓመታት ከፊተኞቹ መካከል ሆኗል፤ ለሴቶችም ይሰጣል። አሪኤል ደግሞ ነቢዩ ኢሳይያስ ኢየሩሳሌምን የጠራበት ስም ነው። በእኛም ዘንድ እኮ ደስታ የሚባል ወንድ አለ፣ ደስታ የምትባል ሴት አለች። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ቋንቋው ነው የተለወጠው።

እነሱ የመረጡት ታል ነው። ታል ማለት ጠል ነው። በዕብራይስጥም የሚጻፈው በእኛ ጠ ፊደል አቻ ነው፤ ዛሬ አፋቸው ጠን ስለማይል ታል ይሉታል እንጂ ቃሉ አንድ ነው። ለባለቤቴ ስነግራት ግን ደነገጠች። «ጤዛ? ፀሐይ ሲወጣ የሚረግፍ! ልጅን ጤዛ ይሉታል?» በአማርኛ እውነት አላት፤ ቶሎ የሚያልፍን ነገር በጤዛ እንመስላለን። እኔም አባቴ እንደሚያደርጉት ኦሪቱን አመጣሁላት። ይስሐቅ ያዕቆብን ሲመርቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሰማይን ጠል ተመኘለት። ነቢዩ ሆሴዕም እግዚአብሔር ለእስራኤል እንደ ጠል እንደሚሆን ተናግሯል። በፋሲካ የመጀመሪያ ቀን በየምኩራቡ የጠል ጸሎት ይደረጋል፤ ዝናቡ ያልቃልና። በጋውን ሙሉ ዝናብ በማይጥልበት በዚህ አገር ጠል የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ በየማለዳው ተመልሶ የሚመጣ ነገር ነው። ባለቤቴ ትንሽ አሰበችና «እንደዚያ ከሆነ ይሁን» አለች።

የራሴንስ ጉዳይ? በዚህ አገር በ1956 የወጣ የስም ሕግ አለ። ሰው ስሙን መለወጥ ይችላል፤ አንዴ ከለወጠ ግን ዳግመኛ ለመለወጥ በመደበኛው ሰባት ዓመት መጠበቅ አለበት። በዚያው ዓመት ነው ጎልዳ ሜየርሶን ጎልዳ ሜይር የሆነችው። ዳዊት ቤን ጉርዮንም ከአባቱ የወረሰው ስም ግሩን ነበር። ስም መለወጥ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም ማለቴ ነው። ልዩነቱ እነሱ ራሳቸው መርጠው ለወጡ፤ ለእኔ ሌላ ሰው ለወጠልኝ።

ወረቀቱን ለመሙላት መሃል ከተማ በሄድኩበት ቀን ጊዜ ስለተረፈኝ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ወጣሁ። በአንድ ወገን ክቡ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እዚያ ዛሬም በግዕዝ ይቀደሳል። በዚሁ መንገድ ላይ ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳ ይኖር ነበር፤ ዕብራይስጥን የዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ ዕድሜውን የሰጠው ሰው። እሱም ሲወለድ ፐርልማን ነበር። ግዕዙ «ርኢኩ» ይላል፣ ዕብራይስጡ «ራኢቲ» ይላል፤ ሁለቱም «አየሁ» ማለት ነው፤ ሥሩ አንድ ነው። ሁለቱም እንደ አማርኛው ተናጋሪውን ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብለው አይጠይቁትም። ያ የፕኒምያ ሰው ትርጉሙን ጠይቆኝ ቢሆን፣ ስሜ ለዚህ አገር እንግዳ አለመሆኑን አባቴ ያስረዱት ነበር።

በቢሮው የተቀመጠችው ወጣት ወረቀቴን አየችና «ስንታየሁ፤ ይኼ የወንድ ስም ነው ወይስ የሴት?» አለችኝ በዕብራይስጥ።

«የሁለቱም ነው። እኔ ግን ወንድ ነኝ፤ እባክሽ ደግመሽ እዪው» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አልገባትም፤ ቢሆንም ደግማ አየችው።

የልጅ ልጃችን በፋሲካ ሳምንት ተወለደች። ሴት ናት። ታል ተባለች፤ እናቷ በራሷ አፍ የተናገረችው ቃል ነው፣ ምርቃትም ነው። እኔ በተዑዳት ዜሁቴ ላይ ስንታየሁ ተብያለሁ። ትምህርት ቤት ያሉ ባልደረቦቼ አሁንም ሺሞን ይሉኛል፤ አልከለከልኳቸውም። ስምዖንም የልያ ልጅ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ልጅ ለምትጠብቁ ሁሉ የዕብራይስጥ ስም አታውጡ፣ ወይም የአማርኛ ብቻ አውጡ አልላችሁም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ስም ከማውጣታችሁ በፊት አባታችሁን፣ እናታችሁን፣ በሕይወት ካሉም አያታችሁን «ስምህን ማን አወጣልህ? ለምን? ምን አይተው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ጻፉት። ሽማግሌዎችም ሳትጠየቁ ንገሩ፤ እኔ ሳልናገር የቆየሁትን ያህል አትቆዩ።

መታወቂያው የደረሰኝ ዕለት የመጀመሪያውን ስልክ የደወልኩት ለአክስቴ ልጅ ነው። እሷ ዛሬ አያት ናት፤ የምትኖረውም በሌላ ከተማ ነው። ስልኩን ስታነሣ «ስንታየሁ!» ብዬ ጮክ አልኩ። ለአፍታ ዝም አለች። ቀጥላ፣ ልክ እንደ ወንዙ ዳር፣ «አቤት! የትኛዋን ነው?» አለችኝ።